የፈለግሁት መልስ

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ልብስ አጠብኩ። አልደረቀም… የእንጅባራ ፀሐይ ለወግ ያህል ነው የምትወጣው። ከሰዓት የአሥራ አንደኛ ክፍል የጂኦግራፊ ፈተና ማረም ጀመርኩ። መቶ አርባ ሁለት ወረቀት። እስከ ዓርብ ውጤት አስረክቢ ተብያለሁ። ሠላሳውን እንደጨረስኩ ጣቶቼ ደነዘዙ።

ነገ ዘንገና፣ እናቴ ጋ። ሳልሄድ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ስኳርና ሳሙና ገዝቻለሁ። ቶሎ ደርሼ ቶሎ መመለስ አለብኝ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

እማን ተኝታ አገኘኋት። በቀን ተኝታ አይቻት አላውቅም። የግራ ዓይኗ ደም መስሏል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው አለችኝ። ራሷን በዚያው በኩል ይፈልጣታል። ሁለት ጊዜ አስመልሷታል።

ሲያማት በአዊኛ ነው የምትናገረው። አማርኛዋ ለገበያና ለእንግዳ ነው። "በመብራቱ ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለበት አያለሁ" ያለችኝም በአዊኛ ነው። ሳቅሁ። ገብስ ስታበራዪ አቧራ ገብቶብሽ ነው አልኳት። ሰሞኑን አውድማ ላይ ነው የዋለችው።

"ሐኪም ቤት ብሄድስ?" አለች።

ከተማ ድረስ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ ነው። ግን ካርድ ማውጣቱ፣ ወረፋው… ሰኞ ሙሉውን ይበላብኛል። መቶ አሥራ ሁለት ወረቀት ይቀረኛል።

"ቆዪ እስቲ፣ መጀመሪያ እኔ ልይልሽ" አልኳት።

ለመደወል ደጃፍ ላይ መቆም ይበቃል። ኢንተርኔት ግን ከቤት ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ካልወጡ አይሠራም። ወጣሁ። ጻፍኩ። ወዲያው መጣልኝ። መጀመሪያ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ፣ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው። ማር በፈላ ውሃ በጥብጦ፣ ሲቀዘቅዝ ጠዋትና ማታ ዓይን ውስጥ ጠብ ማድረግ። ቀጥሎ ያለው ደግሞ የዓይን መቅላት በሰባት ቀን በራሱ ይለቃል ይላል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚሉት። ሌላም ከፍቼ ነበር፣ ረጅም ነው፣ በእንግሊዝኛ። ዘጋሁት።

ስወርድ እማ ተነስታ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላለች። የማሩን ነገር ነገርኳት።

"ማነው እንዲህ ያለው?"

"ሐኪም ነው እማ።"

"የት ያለ ሐኪም?"

"ስልክ ላይ ነው።"

"አንቺ ካልሽ…" አለች።

ማሩን ራሴ በጥብጬ ጠብ አደረግሁላት። አቃጠላት። እጄን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ። ሲያቃጥል ነው የሚሠራው አልኳት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለስኩ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ደወልኩላት። "ተመስገን" አለች። ሃምሳ ወረቀት አረምኩ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

"ሕመሙ ቀለል ብሎኛል። ግን በግራው ጭጋግ ብቻ ነው የማየው።" ቀለል ካላትማ እየሠራ ነው። ጭጋጉ የማሩ ይሆናል። ሰባት ቀኑ ገና ነው፣ ታገሺ አልኳት።

"እሺ ልጄ።"

አሥራ ዘጠኝ ወረቀት ቀረኝ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ውጤቱን አስረክቤ ከቢሮ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ታላቅ ወንድሜ ደረሰ ነው። ዳንግላ ነው የሚኖረው፣ አናጢ ነው። ዛሬ የእማን በር ሊጠግንላት ዘንገና ሄዶ ኖሯል።

"እማ አታይም" አለኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። "በሩን በእጇ እየዳበሰች ነው የወጣችልኝ። ባጃጅ ላይ ነን። ሐኪም ቤት በር ላይ ጠብቂን።"

ጠበቅኋቸው። ወረፋ እንኳ አልነበረም። የመረመራት ልጅ በትንሽ መብራት አያትና "ስንት ቀኗ ነው?" አለ። ደረሰ እማን አያት። እማ "ሰነበተ" አለች። ልጁ መብራቱን አጠፋና ወረቀት ጻፈ። ዛሬውኑ ባሕር ዳር ውሰዷት፣ ለነገ አትበሉ።

አሁን ባሕር ዳር ነን፣ የእማ የአክስት ልጅ ቤት። ጠዋት ዓይን ሐኪም ጋ። ይህንን መታጠቢያ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ለምን እንደምጽፍም አላውቅም።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ግራው ጠፍቷል።

ሐኪሟ ከእኔ ብታንስ ነው እንጂ አትበልጥም። ረጋ ብላ አስረዳችን። ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ድንገት ይጨምራል፣ ነርቩን ይገድለዋል፣ የሞተው ነርቭ አይመለስም። ቀኙም እንዲያው እንዳይሆን በጨረር ትሠራዋለች። "በመጀመሪያው ቀን ቢሆን፣ በሁለተኛውም ቢሆን… ብዙ ተስፋ ነበረው" አለች። ከዚያ እማን ጠየቀቻት። "እናቴ፣ ራስዎን አሞዎት ነበር? አስመልሶዎት ነበር? በመብራት ዙሪያ ቀለም ያዩ ነበር?"

እማ በሦስቱም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ኮሪደር ላይ ደረሰ ፈነዳ። "ምነው እማ? ምነው ዝም አልሽ? ልጅ የለሽም? ስድስት ቀን ሙሉ! ለምሥራቅ አትነግሪያትም? ሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ናት!"

እማ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። "ይለቀኛል ብዬ ነው" አለች።

ወደ እኔ አልዞረችም። ጎኗ ነበርኩ። ትከሻዋ ትከሻዬን ነክቶታል።

አፌ ሊከፈት ነበር… አልተከፈተም።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ቀኙ ተሠራ። ደህና ነው አሉን። ደረሰ ለዘመድ ሁሉ እየደወለ ነው። "ደብቃን ነው፣ ምን እናድርጋት" ሲል ከጓዳ እሰማዋለሁ።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ተመልሰናል። እማ እኔ ዘንድ ሁለት ቀን ሰንብታ አገሬ ውሰዱኝ አለች። ጎረቤቶቿ ይጠብቋታል፣ ደረሰም በሩን ሊጨርስ ይመላለሳል።

ስልኬ የጻፍኩትን ሁሉ ይዟል። ኅዳር 8፣ ስድስት ሰዓት ከሃያ። "የዓይን መቅላት በቤት ውስጥ ማከሚያ።" ይኸው ነው የጻፍኩት።

ራስ ምታቱን አልጻፍኩም። ማስመለሱን አልጻፍኩም። ቀስተ ደመናውንም። ሁሉንም ነግራኛለች። ከሁሉም መርጬ ቀላሏን ጻፍኩ፣ "በቤት ውስጥ" የሚለውን ደግሞ ከራሴ ጨመርኩበት። ከቤት አውጪኝ ያለችኝን ሴት!

ዛሬ ሁሉንም ጻፍኩት። ዓይን መቅላት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ በመብራት ዙሪያ ቀለበት። የመጀመሪያው መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

የዚያን ቀን የዘጋሁትን የእንግሊዝኛውንም አገኘሁት። የዓይን ሐኪሞች ማኅበር ነው ያወጣው። ሦስተኛው መስመር ላይ ማስመለስ ካለ ይላል… አንብቤው ነበር? ያነበብኩት ይመስለኛል። ያነበብኩትና የዘጋሁት ይመስለኛል።

ሲያቃጥል ነው የሚሠራው ያልኳትስ? ያንን ማንም ገጽ ላይ አላነበብኩትም። ከራሴ ነው።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

አሸናፊን አናገርኩት። የእኛ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነው። ለተማሪዎች ላስረዳ ፈልጌ ነው ብዬ ዋሸሁት። ያንን ባለ ነጭ ጋውን ገጽ አሳየሁት።

"ይህቺን አየሻት?" አለኝ። ከርዕሱ በላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የተከፈለበት ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፏል። ከላይ የመጣው ትክክል ስለሆነ ሳይሆን ስለተከፈለበት ነው። ወደ ታች ሲወርድ ማር በጠርሙስ ይሸጣሉ። የሰውየው ስም የለም፣ የሚሠራበት ቦታም የለም። አሸናፊ ፎቶውን ብቻ ፈልጎ ሌላ ቦታ አገኘው። ያው ሰውዬ፣ ያው ጋውን፣ የጥርስ ሳሙና ሲያስተዋውቅ።

"ሁለተኛውስ?" አልኩት። "እሱም እኮ ተመሳሳይ ነው ያለው።"

"እስቲ ጎን ለጎን አንብቢያቸው።"

አነበብኩ። ቃል በቃል አንድ ናቸው፣ አንዱ ከአንዱ ገልብጦ ነው። ሁለት ምስክር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፣ ለካ አንድ ሰው ነው ሁለት ጊዜ የተናገረው።

"ግን ትልቁ ችግር ጥያቄው ነው" አለ አሸናፊ። "በቤት ውስጥ ማከሚያ ብሎ የጠየቀ ሰው የቤት ውስጥ ማከሚያ ነው የሚሰጠው። ማሽኑ በሽተኛዋን አላያትም። ማነው እንዲህ ብሎ የጻፈው?"

"አንድ ተማሪ" አልኩት።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ዘንገና ነበርኩ። ጎረቤት ሊጠይቃት ይመጣል። ሁሉም የሚላት አንድ ነው። "ምነው እታለማሁ፣ ለልጆችሽ እንኳ አትነግሪም?" እማ "የሰው ነገር" ትላለች። ሌላ አትናገርም።

አሬራ ልትቀዳልኝ ስትል ከኩባያው ጎን አፈሰሰችው። በአንድ ዓይን ርቀቱ አይያዝላትም። ልጠርገው ስል፣ "ተይው፣ እለምደዋለሁ" አለችኝ።

ኩባያውን ይዤላት ቀዳች። እንደ ሕፃን። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

ምንም። አስተማርኩ፣ ገባሁ። ለደረሰ ልደውል ብዬ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አውጥቼ መለስኩት።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ከሥራ በኋላ ሄድኩባት። ድንች እየመረጠች ነበር፣ ለዘርና ለምግብ። በእጇ ነው የምትለየው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ቀጥታ ጠየቅኋት።

"እማ፣ ለምንድነው ለደረሰ ያልነገርሽው?"

"ምኑን?"

"እኔ መሆኔን።"

አንድ ድንች አገላብጣ ለዘር አስቀመጠች። "ምን ብዬ? እናንተ ሌላ ወንድም የላችሁ፣ ሌላ እኅት የላችሁ። ዓይኔ እንደሆነ አይመለስ። እናንተን ደግሞ ላጣላ?"

"ግን እሱ አንቺን ነው የሚቆጣው። አገር ሁሉ አንቺን ነው የሚያማው።"

"እኔን ቢቆጣ ምን ይለኛል? እናቱ ነኝ።"

ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ ድንቿን ቀጠለች። ቆይታ በአዊኛ፣ "የዚያን ቀን ከጉብታው ስትወርጂ ደስ ብሎሽ ነበር" አለች። "ፊትሽ አብርቶ ነበር። ልጄ አስተማሪ ናት፣ አግኝታልኛለች ብዬ… አይ፣ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ ብልሽ ደስታሽን የምሰብረው መሰለኝ።"

ይህን ለምን ነገረችኝ? ልትጎዳኝ አይደለም። እሷ እንዲያ አታውቅም። እውነቱ ስለሆነ ነው።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ዳንግላ። ከመናኸሪያ በጋሪ ወደ ደረሰ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምለውን ስደረድር ነበር። ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር እየላገ ነበር። አልቀመጥም አልኩት። ቆሜ ነገርኩት። ጉብታውን፣ የጻፍኩትን፣ ማሩን፣ ወረቀቶቹን። ሐኪም ቤት ልሂድ እንዳለችኝና እኔ እንደከለከልኳት። መላጊያው ቆመ። መጨረሻ ድረስ ሰማኝ።

"ባሕር ዳር፣ ኮሪደሩ ላይ" አለ። "እሷን ስጮህባት። እዚያ ነበርሽ።"

"ነበርኩ።"

"አጠገቧ ነበርሽ።"

"አዎ።"

"ሃያ ሁለት ቀን ምሥራቅ!" ድምፁ ተሰነጠቀ። "ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ እናቴን ለሰው ሁሉ ሳማ፣ እየሰማሽ? ስልኩ ይሳሳት፣ አንቺም ተሳሳቺ፣ ሰው ይሳሳታል። ይኼኛውስ ምንድነው?"

መላጊያውን መሬት አስቀመጠ።

"ሂጂ አሁን" አለኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሚስቱ እስከ በር ሸኘችኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

ደወልኩ። አያነሳም።

ታኅሣሥ 16፣ ረቡዕ

አያነሳም። እማ ግን በየቀኑ ይደውልልኛል አለች። "ሲደውል ምን ይልሻል?" "ይቅርታ ይለኛል። ሰለቸኝ እኮ" አለችና ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው።

የታቀደ አልነበረም። ስለ አፈር መሸርሸር የቤት ሥራ ሰጥቻቸው፣ ሰባቱ አንድ ዓይነት ስህተት ይዘው መጡ። የት አገኛችሁት? ስልክ ላይ። ማነው የጻፈው? አላየንም። መቼ? እሱንም አላየንም። ልቆጣ ጀምሬ… አፌ ላይ ቀረ። እኔ ነኝ የምቆጣው?

ጠመኔውን አስቀምጬ የኅዳር 8ን ነገር ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ያን ቀን ስልኬ ላይ የጻፍኩትን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። አጠገቡ እናቴ የነገረችኝን ሁሉ ጻፍኩ። ይህን ትተሽ ያን ለምን ጻፍሽ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነበር። ማንም አላለም።

ወርቅአየሁ፣ ከኋላ የምትቀመጠዋ፣ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ታዲያ ጎግል ዋሸ ማለት ነው?"

"አይ" አልኳት። "የጠየቅሁትን ነው የሰጠኝ።"

ለአሸናፊም ሄጄ ያቺ ተማሪ እኔ ነኝ አልኩት። "ገብቶኝ ነበር" አለ።

ጥር 11፣ እሑድ

ጥምቀት። ደረሰ ከነቤተሰቡ ዘንገና መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ባለበት ተነስቶ፣ እናቴ አልደበቀችንም፣ እኔ ነኝ ሳላጣራ ያወራሁት አለ። የእኔን ስም አልጠራም። እኔም ተነሳሁ። "ልሂድ ስትለኝ ያስቀረኋት እኔ ነኝ" አልኩ። አንዲት ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሌላው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

እማ ተቆጣች። በበዓል ቀን ይህን ማንሳት ምን ይባላል! አለች። ግን ከዚያ በኋላ ቀና ብላ ነው የዋለችው።

ደረሰ ማታ እራት ላይ "ጨው አቀብዪኝ" አለኝ። ከታኅሣሥ 6 ወዲህ የመጀመሪያው ቃሉ ነው። አቀበልኩት። ሌላ አልተናገረም። እንደ ድሮው ይሆን ይሆን? አይመስለኝም።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

እመቤት የምትባል ሴት ባለፈው ወር ከጥሊሊ መጥታ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታለች። የሁለት ዓመት ልጅ አላት፣ ዮዲት ትባላለች። ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ልጅቷን አቅፋ መጣች። ዮዲት ሰውነቷ ሁሉ ቀይ ነጠብጣብ ለብሷል፣ ትኩሳትም አላት።

"አስተማሪ አይደለሽ? በስልክሽ እዪልኝማ ምን እንደሆነ።"

"አላውቀውም እመቤት" አልኳት።

"አይ፣ ስልኩን ነው እኮ ያልኩሽ።"

"እሱም አያያትም።"

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን እንደበላች፣ አስመልሷት እንደሆነ ጠየቅኋት። እንዳትረሳው ሁሉንም ወረቀት ላይ ጻፍኩላት፣ እሷ ባለችው ቃል፣ ምንም ሳልቀንስ። ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ ደውዬ አልገባም አልኩት። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄድን። ወረፋ ነበር። ጠበቅን። ዮዲት እግሬ ላይ ተኛች፣ ሙቀቷ ቀሚሴን አልፎ ይሰማኛል። ሦስት ክፍለ ጊዜ አመለጠኝ።

ነርሷ ወረቀቱን አነበበች፣ ልጅቷን ገላልጣ አየቻት፣ ጉሮሮዋን አየች፣ ደረቷን አዳመጠች። ቀላል ነገር ነው አለች። በሦስት በአራት ቀን ይጠፋል፣ ውሃ አጠጧት፣ ትኩሳቱ ከባሰ ተመለሱ።

እመቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ተናደደች። ምሳ አልሠራችም፣ የታጠበ ልብስ ደጅ ቀርቶባታል። "በራሱ ይለቃታል የሚባለውን ለመስማት ነው እንዲህ የተጉላላነው?"

"አዎ" አልኳት። "ይህን ለመስማት ነው።"